ምዕራፍ አምስት፦ ከመንገዱ ወዲህ፣ ከመንገዱ ወዲያ

«ቤት አገኘን፣ እትዬ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! የት አካባቢ?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከኮልስቪል ሮድ ትንሽ ገባ ብሎ።»

«ትምህርት ቤቱስ ስንት ነው?»

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሐበሻ ቤት ቡና ተፈልቶ እንዲህ ያለ ጨዋታ ያልሰማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሏት። እትዬ «እንዴት ነው?» አላሉም፤ «ስንት ነው?» ነው ያሉት። የሚጠብቁት መልስም ቁጥር ነው፤ «አራት»፣ «ሰባት»፣ ሲሰምር «ዘጠኝ»። የቁጥሩ ባለቤት ግሬትስኩልስ የሚባል፣ በ1998 የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ትምህርት ቤቶችን ከአንድ እስከ አሥር ይመዝናል፤ ዚሎውንና ሬድፊንን የመሰሉ የቤት ገበያ ድረ ገጾች ደግሞ ምዘናውን ከቤቱ ፎቶና ከዋጋው ጋር አብረው ያወጡታል። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ «ስንት ነው?» የገበያ ቃል ነው፤ ዋጋ ይጠየቅበታል። እትዬ ሳያስቡት ትክክለኛውን ቃል መርጠዋል። ቁጥሩን ሁላችንም የትምህርት ቤቱ ማርክ አድርገን ነው የምናየው። ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ጠባዩ ወደ ዋጋ ያደላል። ዋጋ ደግሞ ስለ ዕቃው የሚናገረውን ያህል ስለ ገዢዎቹም ይናገራል።

ክፍያው የት ገባ?

አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ ምን እንደሚከፍል ያውቃል። የመመዝገቢያ አለ፣ የተርም ክፍያ አለ፣ የደንብ ልብስና የሰርቪስ አለ። ክፍያው ሲጨምር የወላጆች ስብሰባ ይጠራል፣ ይጮኻል፣ ይለመናል። ገንዘቡ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደገባ ሁሉም ያያል።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለው ወላጅ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስገባ በሩ ላይ የሚከፍለው ነገር የለም። ካውንቲው ከሁለት መቶ በላይ ትምህርት ቤቶችና 160 ሺህ ገደማ ተማሪዎች አሉት፤ በሜሪላንድ ትልቁ የትምህርት አስተዳደርም ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ነጻ ትምህርት ቤቶች የትኛው ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የቤት አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን አለው። ከወሰኑ ውስጥ ያለ ልጅ ይገባል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃል። እናም የትምህርት ክፍያው አልቀረም፤ ሞርጌጁ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የሚቀበለውም ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ቤቱን የሚሸጠው ሰው ነው።

ይህ የተደበቀ ክፍያ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሳንድራ ብላክ የተባለች የኢኮኖሚ ባለሙያ አንድ ብልሃት ፈጠረች። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር መናፈሻው ያምራል፣ መንገዱ ይጠረጋል፣ ቤቱም ይሰፋል። ታዲያ ገዢው የሚከፍለው ለየትኛው ነው? ብላክ የማሳቹሴትስን የከተማ ዳር ሰፈሮች ወስዳ በወሰኑ ግራና ቀኝ የተጠጉትን ቤቶች ብቻ ለየች። ቤቶቹ በአንድ የትምህርት አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ግብራቸው አንድ ነው፣ መናፈሻቸው አንድ ነው፣ ገበያቸውም አንድ ነው። የሚለያያቸው ልጆቹ የሚሄዱበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በ1999 ባሳተመችው ጥናት፣ የፈተና ውጤቱ በ5 በመቶ ከፍ ባለበት በኩል ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ያህል ጨምረው እንደሚከፍሉ አሳየች።

2.5 በመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በ600 ሺህ ዶላር ቤት ላይ ግን 15 ሺህ ዶላር ነው፤ የሠላሳ ዓመት የባንክ ወለድ ሳይቆጠር። መንገድ ለመሻገር የሚከፈል ገንዘብ ነው።

መስመሩ ምን ይከፍላል?

በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ወሰን ገንዘብንም ይከፍላል። ሀብታም ከተማ የራሱ የትምህርት አስተዳደር አለው፤ ድሃ ጎረቤቱም የራሱ፤ ሁለቱም ከየራሳቸው የንብረት ግብር ይመነዝራሉ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ሁኔታ በሁለት ውሳኔዎች አጸናው፤ ሁለቱም አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የተላለፉ ናቸው። በ1973፣ በቴክሳሱ የሳን አንቶኒዮ ጉዳይ፣ በንብረት ግብር ምክንያት የሚፈጠር የትምህርት በጀት ልዩነት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም አለ። በ1974፣ በዲትሮይት ጉዳይ ደግሞ፣ በዙሪያዋ ያሉ የከተማ ዳር አስተዳደሮች በመለያየቱ ጥፋት እስካልተረጋገጠባቸው ድረስ ከከተማዋ ጋር ተማሪ እንዲቀላቅሉ አይገደዱም ሲል ወሰነ።

ሜሪላንድ የተለየች ናት። በክፍለ ግዛቷ ያሉት የትምህርት አስተዳደሮች 24 ብቻ ናቸው፤ 23ቱ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ። ሞንትጎመሪ ውስጥ የፖቶማክ ባለጸጋም ሆነ የዊተን ተከራይ ልጆቻቸውን የሚያስተምረው አንድ የትምህርት ቦርድ ነው፤ በጀቱም አንድ፣ የመምህራኑ የደመወዝ እርከንም አንድ ነው። እንዲያውም ካውንቲው ከ2000 ጀምሮ ድህነት ለበዛባቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨምሮ መስጠት ያዘ፤ ክፍሎቻቸው አነሱ፣ የሙሉ ቀን መዋዕለ ሕፃናትም ቀድሞ ደረሳቸው።

እንግዲህ በሞንትጎመሪ መስመሩ ካዝናውን ካልከፈለ፣ መምህሩን በደመወዝ ካልለየ፣ መጽሐፉን ካልለወጠ፣ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሰው። ማን ከማን ጋር እንደሚማር።

ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ለበርካታ አሥርት ዓመታት የትምህርት ቦርዱ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ ያገለገለው ሮክቪል የሚገኘው ሕንፃ ካርቨር ይባላል። ሕንፃው በ1951 ሲከፈት የጥቁር ተማሪዎች ብቻ የሆነ ሃይ ስኩል ነበር። ተማሪን በዘር መለየት በ1954 በፍርድ ቤት ከተሻረና ካውንቲውም ቀስ በቀስ ትምህርት ቤቶቹን ካዋሐደ በኋላ ተዘጋ። ቦርዱም ለዓመታት የልጆችን ወሰን ድምፅ ሲሰጥበት የኖረው ሌላ ወሰን በተሠራበት ሕንፃ ውስጥ ነው።

የሰፈሩም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ዛሬ ሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍቶ የሚሠራባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስትስፋፋ ብዙ ቦታዎቿ የተሸጡት ጥቁር እንዳይገዛና እንዳይከራይ በሚከለክል ውል ነበር። ከቀያሾቹ ዋነኛው ኢ. ብሩክ ሊ ሲሆን በስሙ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰይሞለት ቆየ። በ2021 ስሙ ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ኦዴሳ ሻነን ተባለ፤ ሻነን በካውንቲው የትምህርት ቦርድ ተመርጣ ያገለገለች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ውሉ ከፈረሰ ቆይቷል። በውሉ የተቀመጠው የቤት አሰፋፈር ግን በአንድ ጀንበር አይፈርስም፤ የትምህርት ቤት ወሰንም በዚያ አሰፋፈር ላይ ነው የሚሰመረው።

ሁለት ትምህርት ቤቶች በወረቀት ላይ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶች እናቋቁም፤ አንዱን ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ እንበላቸው። እያንዳንዳቸው መቶ ተማሪ አላቸው። ተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቤታቸው እንግሊዝኛ የሚነገርባቸው፣ ወላጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ ኑሮ የተደላደለላቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ ገና ቋንቋውን የሚለምዱ፣ ወላጆቻቸው ሁለት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች መምህራኑ እኩል ጎበዝ ይሁኑ፤ ከመጀመሪያው ዓይነት ተማሪ 80 በመቶው፣ ከሁለተኛው 50 በመቶው ፈተናውን ይለፍ።

ወዲህ ያለው ትምህርት ቤት 80 የመጀመሪያው ዓይነት፣ 20 የሁለተኛው ዓይነት ተማሪ አለው። 64 እና 10፣ በድምሩ 74 ልጆች ያልፋሉ። ወዲያ ያለው ተቃራኒው ነው፤ 20 የመጀመሪያው፣ 80 የሁለተኛው። 16 እና 40፣ በድምሩ 56።

74 እና 56! ይህን ያየ ቤት ገዢ ከመንገዱ ወዲህ ይሮጣል። ግን የአንድም ልጅ ዕድል አልተለወጠም። የእርስዎ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ብትሆን ወዲህም ወዲያም 80 በመቶ ናት፤ ከሁለተኛዎቹ ብትሆን ወዲህም ወዲያም 50። አሥራ ስምንት ነጥብ የሚሆነው ልዩነት ከማስተማር የመጣ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ የገቡትን ከመቁጠር የመጣ ነው።

ይህን ሐቅ በሰፊው ያወጣው፣ ያኔ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጄምስ ኮልማን ነው። በመንግሥት ታዞ ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት መርቶ በ1966 ባወጣው ሪፖርት፣ ለፈተና ውጤት ልዩነት ከሕንፃውና ከበጀቱ ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ እንደሚያመዝን አሳየ። በጊዜው ብዙዎችን አስደነገጠ።

ታዲያ ትምህርት ቤትን በምን እንለካው? ልጁ ከገባበት ጊዜ አንስቶ ምን ያህል ተራመደ በሚለው። የስታንፎርዱ ሾን ሪርደን በ2017 እንዲህ አድርጎ ሲለካ ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። የቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አማካይ ውጤት ዝቅተኛ ነው፤ ስማቸውም ከዚያ አይሻልም። ነገር ግን ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ የቺካጎ ልጆች የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት ቀስመዋል። ከኋላ ተነሥተው በፍጥነት የሚሮጡ ልጆች ናቸው፤ አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ግን መነሻቸውን እንጂ ሩጫቸውን አያይም። ግሬትስኩልስም ትችቱ ሲበዛበት ከ2017 ወዲህ የተማሪን ዕድገት በምዘናው ጨምሯል፤ በ2020 ደግሞ ክብደቱን ከፍ አድርጎታል። ቡና ላይ የሚነገረው ቁጥር ግን አሁንም አንድ ብቻ ነው፤ ከምን ከምን እንደተሠራም ማንም አይጠይቅም።

ግን ጎረቤት ለውጥ ያመጣል

እዚህ ላይ «እንግዲያው ወላጆቹ ሞኞች ናቸው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። አይደሉም። ማስረጃውም ከዚሁ ካውንቲ የወጣ ነው።

ሞንትጎመሪ ከ1974 ጀምሮ አንድ ሕግ አለው። ብዙ ቤት የሚሠራ ገንቢ ከሚሠራው ከ12 እስከ 15 በመቶ ገደማውን አቅማቸው መጠነኛ ለሆነ ሰዎች በሚመጥን ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ከነዚህም እስከ ሲሶ የሚደርሱትን የካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣን ገዝቶ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሊያከራይ ይችላል። በዚህ መንገድ ድሃ ቤተሰብ በባለጸጋ ሰፈር መሃል ቤት ያገኛል። ለማን የትኛው ቤት እንደሚደርስ የሚወሰነው በዕጣ ነው።

ለተመራማሪ ይህ ዕጣ ሲሳይ ነው። ሌላ ቦታ ጥሩ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሲጎብዝ፣ ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ያን ትምህርት ቤት አሳድዶ የያዘ ወላጁ ነው የሚለው አይለይም። እዚህ ወላጅ አልመረጠም፤ ዕጣው መረጠ። ሄዘር ሽዋርትዝ ከ2001 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በነዚህ ቤቶች የኖሩ 850 ያህል የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተከተለች። ከፊሎቹ የድሃ ልጅ ጥቂት ወደሆነበት ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ከፊሎቹ ካውንቲው ተጨማሪ በጀት ወደሚያፈስበት፣ የድሃ ልጅ ወደበዛበት ሄዱ።

በ2010 የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር። በአንደኛ ደረጃ ማብቂያ ላይ፣ ከተደላደሉት ልጆች ጋር የተማሩት ድሃ ልጆች ድሃ ካልሆኑት የካውንቲው ተማሪዎች ጋር የነበራቸውን የሒሳብ ክፍተት በግማሽ፣ የንባቡን በሲሶ አጥብበውታል። ተጨማሪው ገንዘብ ዋጋ ቢኖረውም አብሮ የመማርን ያህል አልሆነም።

እንግዲህ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳባችን ግማሽ እውነት ነበር። አማካዩ ማስተማርን አይለካም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮ የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ጉዳይም ባዶ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ ለድሃው ልጅ። ወላጆች በ15 ሺህ ዶላር የሚገዙት ነገር በእርግጥ አለ። የሚሸጥበት መንገድ ግን የቡድን ነው፤ አቅም ያላቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ፣ የሚገዙትን ጥቅም ከሌላው ወገን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ክቡም በዚህ ይገጥማል። ስም ቤት ያስወድዳል፤ የተወደደ ቤት ነዋሪ ይመርጣል፤ የተመረጠ ነዋሪ ከፍ ያለ ውጤት የሚያመጡ ልጆች ይልካል፤ ውጤቱ ስሙን ያጸናል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የትምህርት ቤት ስምም ስሙን ካሠሩት መምህራን በላይ ይውላል። እነሱ ጡረታ ወጥተው እንኳ ስሙ ቤት ይሸጣል።

ካርታው ሲነካ

ክቡን ሊሰብር የሚችል አንድ ቀላል መሣሪያ አለ፤ እርሳስ። መስመሩን ማዛወር። ይህ ግን ከሁሉ የከበደው ነው።

የሞንትጎመሪ ቦርድ ወሰን ሲሠራ አራት ነገሮችን እንዲያመዛዝን መመሪያው ያዝዘዋል፤ የተማሪውን ስብጥር፣ የቦታውን ቅርበት፣ የምደባውን መረጋጋትና የሕንፃውን አጠቃቀም። አራቱም መልካም ናቸው፤ አራቱም እርስ በርስ ይጓተታሉ። ስብጥር ልጁን ያርቀዋል፣ ቅርበት ስብጥሩን ያጠፋዋል፣ መረጋጋት ሁሉንም ባለበት ያስቀምጠዋል። ስምንት አባላት ባሉት ቦርድ አንደኛው በተማሪዎች የተመረጠ ተማሪ ነው፤ ከ2016 ወዲህ በወሰን ጉዳይ ድምፅ ይሰጣል። ከአዳራሹ ሁሉ ራሱ አውቶቡስ የሚሳፈረው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በ2019 ቦርዱ ከተጨናነቁት የክላርክስበርግና የኖርዝዌስት ሃይ ስኩሎች ተማሪዎችን በአዲስ መልክ ወደሚሠራው ሴኔካ ቫሊ ለማዛወር ሲወስን ብዙ ወላጆች ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ለመላው ካውንቲ የወሰን ጥናት አማካሪ ተቀጠረ። አማካሪው አዲስ ካርታ እንዲያቀርብ አልታዘዘም፤ ያለውን እንዲያጠና ብቻ ነበር። አዳራሾቹ ግን ጋሉ። በአጎራባቹ ሃዋርድ ካውንቲም፣ ነዋሪዎች «ጨዋነትን ምረጡ» የሚል ጽሑፍ መኪናቸው ላይ በሚለጥፉበት ካውንቲ፣ የትምህርት አስተዳደሩ ዋና ኃላፊ በ2019 ከ7 ሺህ በላይ ተማሪዎች እንዲዛወሩ ሐሳብ ሲያቀርብ ነገሩ ወደ ሰልፍና ወደ ስድብ ሄደ። ቦርዱ ያጸደቀው ከመነሻው ሐሳብ ያነሰ ነበር።

ቁጣው ከክፋት ብቻ አይመነጭም። ቤቱን የገዛው ሰው መስመሩንም እንደገዛ ይቆጥረዋል፤ ደላላው የሸጠለት እንዲያ አድርጎ ነውና። በውሉ ላይ ግን መስመሩ የለም። መስመሩ የቦርዱ ነው፤ በድምፅ ይመጣል፣ በድምፅ ይሄዳል።

በዚህ ካውንቲ ስማቸው ከገነኑት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ያሉት ቤቴስዳ ነው። ከተማዋ በ1871 ስሟን የወሰደችው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ደግሞ ከወንጌል የመጣ ነው፤ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የሚላት መጠመቂያ ናት። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ ታሪኳን እንሰማለን። ውኃው ሲናወጥ የሚድነው ቀድሞ የገባው አንዱ ብቻ ነው። መፃጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ የተኛው ውኃው ርቆበት አልነበረም፤ አጠገቡ ነበር። የሚያስገባው ሰው ነው ያጣው። የሽዋርትዝ ልጆች ዕጣው ሰው ሆናቸው። ዕጣ ያልወጣለት ግን ሁሌም ሌላ ሲቀድመው ያያል፤ የሚቀድመውም ከእሱ ይበልጥ የታመመ ሆኖ አይደለም።

ጥያቄውን መለወጥ

ቤት የሚገዛ ሰው ካውንቲውን እስኪያስተካክል አይጠብቅም፤ ልጁ ትምህርት ሲከፈት ክፍል መግባት አለባት። ስለዚህ ጥቂት ነገር ማወቅ ይበጃል።

በቤት ሽያጭ ገጽ ላይ የተጻፈው የትምህርት ቤት ስም ሊያረጅ ወይም ሊሳሳት ይችላል፤ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም በትምህርት አስተዳደሩ ገጽ ላይ ያስገቡና ያረጋግጡ። ሕንፃው ከተጨናነቀ፣ በግቢው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ከተደረደሩ፣ ወሰኑ እንደሚነካ ይገምቱ። አማካይ ውጤቱን ትተው ዕድገቱን ይመልከቱ፤ ከዚያም እንደ ልጅዎ ያሉ ልጆች፣ እንግሊዝኛ የሚማሩም ቢሆኑ፣ እዚያ ምን እንዳመጡ ለይተው ይዩ። የሜሪላንድ የትምህርት መምሪያ ይህን ዘርዝሮ ያወጣል። የአድራሻ ነገርም ሁልጊዜ አይቆልፍም፤ በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን ዙሪያ ያሉ አምስት ሃይ ስኩሎች ለዓመታት በጋራ ማኅበር ተማሪው በምርጫ ቅደም ተከተል የሚጠይቅባቸው ሆነው ቆይተዋል፤ በሰሜን ምሥራቁም ሌሎች ሦስት እንዲሁ። ይህም ቦርዱ ሲወስን የሚለወጥ ነውና በየዓመቱ ይጠይቁ። ጥያቄውንም ፈርተው አይተዉት፤ አስተዳደሩ ለወላጆች ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በሥራ ቀን፣ ክፍል በሚካሄድበት ሰዓት፣ ሄዶ ማየት። መምህራኑ እዚያ ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ወደኋላ የቀረ ልጅ ምን እንደሚደረግለት፣ ዋናው ርዕሰ መምህር የተማሪዎቹን ስም ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ። እነዚህ ከአንድ እስከ አሥር አይቆጠሩም።

እናም እትዬ በሚቀጥለው ቡና ላይ ያንኑ ሲጠይቁ፣ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ትምህርት ቤቱስ ስንት ነው?»

«አምስት ነው ይላሉ፣ እትዬ። ማክሰኞ ሄጄ አየዋለሁ።»